ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ሙሉ የመሬት ሥራ፦ በዚህ ብርድ ከየት ይጀመራል?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ዳር፣ በጠባሴ በኩል፣ ከአባቴ የወረስኩት ሁለት ጥማድ የሚሆን መሬት አለኝ። አዲስ አበባ የነበረኝን ሥራ ትቼ ዘንድሮ ጠቅልዬ ገብቻለሁ። የመሬቱ የላይኛው ግማሽ ተዳፋትና ጠጠራማ ነው። የታችኛው ረባዳ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ጥቂት የመንዝ በጎችና ዶሮዎች አሉ። ዳር ዳሩን አባቴ የተከለው ባህር ዛፍ አለ።

ፐርማካልቸር የሚባለውን የማውቀው ከዩቲዩብ ነው። ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን የሚባሉ ሰዎች በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ የጀመሩት ነገር ነው። ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ገብቷል። መሬቱ ራሱን ይመግባል፣ ውሃው አይሸሽም፣ አንዱ የጣለውን ሌላው ይበላዋል። ግን የማያቸው ቪዲዮዎች በሙሉ የሚሠሩት ሞቃት አገር ነው። እዚህ ጠዋት ስነሳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። በባልዲ ያደረ ውሃ ላዩ በረዶ ይሠራል።

ጓደኞቼና ጎረቤቶቼ አንድ ቀን መጥተው ሊያግዙኝ ነው። ወደ አሥር ሰው እንሆናለን። የመጪውን ሳምንት ቅዳሜ አስቤያለሁ። ያሰብኩት ተዳፋቱም ረባዳውም ላይ ስዌል (ውሃ የሚያቆም አግድም ቦይ) መቆፈር፣ መደብ ሠርቶ ጎመንና ድንች መትከል፣ ኮምፖስት መጀመር ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን እንደማያልቅ ይገባኛል። የቱ ይቅደም? የቱን ልተው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።


የቀይት እናት፦

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። የስዌሉን ነገር የሚያውቁት ይንገሩሽ፤ እኔ የቀኑን ልንገርሽ።

ቅዳሜ አፈር የሚቆፍር ሰው በእኛ በኩል አታገኚም። ይሄ ዛሬ የመጣ አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ቅዳሜም እሁድም ይከበር ብለው ያጸኑት። የከተማ ጓደኞችሽ ይመጡ ይሆናል። ጎረቤቶችሽ ግን ፊት ለፊት እምቢ አይሉሽም፤ እሺ ብለውሽ ይቀራሉ። ታኅሣሥ 12 ሚካኤል ነው፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ከ13 እስከ 18 ባለው መሃል አንድ የሥራ ቀን ያዢ። 16ን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ የሚያከብር ሰው ስላለ መጀመሪያ ጠይቂ።

ሌላው፣ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምስ ሰው አለ፤ ከባዱን ቁፋሮ ከሰዓት በኋላ ላይ አትጣይበት። ለሚበላው በሶና ቆሎ ጠዋት ይቅረብ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮና ስልጆ በደንብ አድርገሽ ሥሪ። ሰው ለደቦ መጥቶ በደረቁ አይሸኝም።

እና ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የላምሽ እበት አሁን ወዴት ነው የሚሄደው? ኮምፖስት ከማለትሽ በፊት እሱን አስቢበት።


ባለ ካብ፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ከጎረቤቶቼ ጋር ወንፈል እንገባለን፤ አንድ ቀን የእኔ፣ ሌላ ቀን የእነሱ። ቀኑ እንዴት እንደሚውል ልንገርሽ፤ ከዚያ የሚሆንሽን ውሰጂ።

አስቀድሜ ግን የቀይቷ እህታችን በመጨረሻ የጠየቀችሽን ላንሳ፤ የነገሩ ሥር እሱ ነው። የእኛ ደጋ መሬት የራበው እበቱ ምድጃ ስለሚገባ ነው። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ደግሞ ብዙ ቤት ደጅ ይደፋል። በዚህ በማንም አልፈርድም። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ እንጀራ መጋገር አለበት፣ እንጨት ውድ ነው። ኩበት ገበያ ወጥቶም የጨውና የዘይት መግዣ ይሆናል። ስለዚህ "እበትሽን ለመሬቱ ስጪ" ብሎ መምከር ብቻውን ምክር አይባልም። ምድጃው ሌላ የሚበላው ካላገኘ እበቱ ተመልሶ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ደጋ ላይ የመሬት ሥራ የሚጀመረው ከማገዶ ነው። ያን ቀን የምትሠሪው ሁሉ ወደዚያ ያምራ።

አሁን ወደ ቀኑ። ፀሐይ በደንብ ሳታርፍበት መሬቱን አትንኪው። አመዳይ የያዘውን ሣር ሰው ሲረግጠው ቅጠሉ ይሰበራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያ የእግር ዱካ ጠቁሮ ይታያል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሥራው ደጃፍ ላይ ነው። ዶማና ማጭድ ይሳላል፣ ችካል ይጠረባል፣ ውሃ ልክ የሚያዝበት ኤ ፍሬም ይሠራል።

ኤ ፍሬሙን ራስሽ ሥሪው፤ ምንም አይከብድም። ሁለት እኩል የሆኑ ቀጫጭን የባህር ዛፍ እንጨቶች፣ ሁለት ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከአጥርሽ ይገኛሉ። ጫፋቸውን አንድ ላይ እሠሪ፣ እግራቸውን ክፈቺ፣ ወገባቸው ላይ አግዳሚ ምቺባቸው። ከጫፉ ላይ ሲባጎ አውርደሽ ድንጋይ አንጠልጥዪበት። ድንጋዩ ከበድ ይበል፤ ረፋዱ ላይ ነፋስ ከተነሣ ቀላሉን ሲያወዛውዘው ይውላል። አሁን ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አቁሚና የቆሙበትን ቦታ በችካል ያዢ። ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን በከሰል ምልክት አድርጊ። ከዚያ አዙሪው፤ የግራው እግር በቀኙ ችካል፣ የቀኙ በግራው ይቁም። ሲባጎው ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፤ እዚያም ምልክት አድርጊ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ውሃ ልክሽ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ባረፈ ቁጥር ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። እንዲህ አንዱን እግር እያዞርሽ ተዳፋቱን አቋርጠሽ ትሄጃለሽ፤ ልጆች ከኋላ ከኋላሽ ችካል ይተክላሉ። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እንደ መሬቱ ይጠማዘዛል። ቀጥ አርጊው የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ አትስሚው። ውሃ የሚሰማው ችካሉን ነው።

ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ከባዱ ሥራ ነው። በመስመሩ ላይ ቦይ ይቆፈራል፤ ከቦዩ በታች ካብ ይካባል። ድንጋዩን ከራስሽ ማሳ ልቀሚ፤ ጠጠራማ ነው ብለሻል። እኛ መንዞች ቤታችንም አጥራችንም ድንጋይ ስለሆነ ካብ ላይ አንታማም፤ ልንገርሽ። መሠረቱ አንድ ስንዝር ያህል ይቆፈር። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሁን፣ ረጅም ጎኑ ወደ ውስጥ ይግባ። የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ይርገጥ። ፊቱ ወደ ተዳፋቱ ትንሽ ዘንበል ይበል። ክፍተቱን በጠጠር ሙዪው እንጂ በአፈር አትለስኚው፤ ውሃው አጣርቶ ማለፍ አለበት። በመጀመሪያው ቀን አንድ መስመር ከጨረሳችሁ በቂ ነው። አንድ የቆመ ካብ ከሦስት የተጀመረ ይሻላል። ማስጀመር ያለብሽም ከላይኛው ጫፍ ነው፤ ጎርፉ ጉልበት ሳያገኝ ያዢው።

ከካቡ በላይ ያለው ለም አፈር ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ የሚተከልበት ነው። ማገዶ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ትሪ ሉሰርን ብርዱን ይችላል፣ ቅጠሉን በግ ይወደዋል፣ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፣ ሥሩ ናይትሮጅን ለመሬቱ ይሰጣል። አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ለበጎች ሲሄድ ግንዱ ደርቆ ለምድጃ ይሆናል። እኔ ቤት ኩበት የቀነሰው እሱ አድጎ መቆረጥ ከጀመረ ወዲህ ነው። ባህር ዛፍሽንም አትንቀዪው፤ ለአሁኑ ማገዶሽ እሱ ነው። ብቻ ምንጭና እርሻ ዳር አታስጠጊው። ማገዶ ቆጣቢውን ምርጥ ምድጃም አስገቢ፤ ለእንጀራ የሚነደውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ፐርማካልቸር ብለው ሲያስተምሩ ምድጃ ሲነሣ እምብዛም አልሰማም። እዚህ አገር ግን ከስዌል በፊት ምድጃ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲደክም ኮምፖስት። በበጋ ጉድጓድ፣ በክረምት ክምር ነው። በዚህ ነፋስ ከመሬት በላይ ከከመርሽው በሳምንት ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ጥልቀቱ እስከ ወገብ ይድረስ፣ ከበረቱ አጠገብና ጥላ ሥር ይሁን። ገለባ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ገለባ እዚህ መኖ ነው። ከብቱ በልቶ የተረፈውን፣ የረገጠውንና ሽንት የጠጣውን ጉዝጓዝ ውሰጂ። አረም፣ የጎመን ግንድ፣ አጥር ላይ የተከረከመ ቅጠል ጨምሪ፤ የባህር ዛፍ ቅጠል አታብዢ፣ ቶሎ አይበሰብስም። በዚህ ዓመት የላሟን እበት ለምድጃ ተዪው። የበጎቹ በጠጥ አለልሽ፤ እሱን ኩበት የሚያደርገው የለም። ደረቁን አንድ ስንዝር፣ እርጥቡን አንድ ስንዝር፣ ከላዩ በጠጥ፣ ከዚያ እፍኝ እፍኝ አመድና ስስ አፈር። እንዲህ እየደራረብሽ ውሃ አርከፍክፊ። ጨብጠሽ ስትጨምቂው እጅሽ ይርጠብ፣ ግን አይንጠብ። መሃሉ ላይ እስከ ታች የሚደርስ ዱላ ትከዪና ከላይ በሣርና በአፈር ሸፍኚው።

በሳምንቱ ዱላውን ንቀዪው። ጫፉን በመዳፍሽ ያዢው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ፣ ሽታውም የደን አፈር ከሆነ፣ ይዟል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሪ። ከሸተተሽ ውሃ በዝቶበታል፤ ገልብጪውና ደረቅ ነገር አክዪበት። በየወሩ ገደማ ካገላበጥሽው ብርዱ ቢያዘገየውም ለሰኔ ይደርስልሻል።


የአፈር ሰው፦

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጋሼ ባለ ካብ ስለ ተዳፋቱ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ ረባዳው ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ እዚያ ስዌል አትቆፍሪ።

ስዌል ውሃ ለሚጠማው መሬት ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌ ላይ ያብጥና ውሃ አያሳልፍም። እዚያ ላይ ውሃ የሚያቆም ቦይ ከሠራሽ ገብሱም ባቄላውም ሥሩ ይታፈናል። ገበሬዎቻችን መረሬ ላይ ፈሰስ የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ትርፉ ውሃ ቀስ ብሎ እንዲወጣ። አይባር የሚባለው መሣሪያም የመጣው ሰፊ መደብ ሠርቶ ውሃውን በመሃል ለማስወጣት ነው። ያንቺ ጥቅም የላይኛው ካብ ውሃውን ከያዘልሽ ታች የሚወርደው ራሱ መቀነሱ ነው። ድሮ መረሬውን ቆልለው በእበትና በሣር የሚያቃጥሉት ነበሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ጥሩ ይሰጣል፣ ከዚያ ግን መሬቱ ለረጅም ዓመታት ጦም ማደር አለበት። ማንም ቢመክርሽ እሱን አታድርጊ።

ትሪ ሉሰርንም ረባዳው ላይ አትትከዪ። ውሃ በሚተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፣ ውርጭ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ያንቺ የታችኛው መሬት ከላይኛው ይልቅ በውርጭ ይመታል። ድንች አሁን ብትተክዪ በቅሎ ሲወጣ ያልቃል። ድንቹን ለበልግ አቆዪው። ከቤቱ በላይ ባለው ቦታ ነጭ ሽንኩርት፣ ሀበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ብርዱን ይቋቋማሉ። ችግኙን ማታ ማታ በሣር ሸፍኚ፣ ፀሐይ ስትወጣ ግለጪ። ቀን ላይ ውሃ ጠጥቶ ያደረ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። የታችኛውን አጥርሽንም ድፍን አታርጊው። አየሩ የሚወጣበት ክፍት ቦታ ይኑረው፤ አለበለዚያ ብርዱ ግቢሽ ውስጥ ታስሮ ያድራል።


የጠባሴ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ቀይሬያለሁ። እናቴ፣ ማክሰኞ ታቦት የለም ብለውኛል፣ ስልጆውንም ጎረቤቴ ልትሠራልኝ ነው። ረባዳውን ለሣር ትቼዋለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ማታ ደጋግሜ አነበብኩት። የአባቴ ምድጃ እስካሁን ሦስት ጉልቻ ነው፤ ከምድጃው እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ማጠራቀም ለዚህ አገር ይረባል? ቤቱ ስድስት በስምንት ሜትር ነው። ሁለተኛ፣ የትሪ ሉሰርኑን ችግኝ አሁኑኑ ልትከል ወይስ ዘር ልፈልግ? አፕልም አምሮኛል።


የአፈር ሰው፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ደብረ ብርሃን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። ጣሪያሽ 48 ካሬ ሜትር ከሆነ ወደ 43 ሺህ ሊትር ይወርድበታል። አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ ከ34 ሺህ በላይ ይቀራል። ችግሩ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ መውረዱ ነው፤ ያን ሁሉ የሚይዝ ታንከር ውድ ነው። በትንሹ ጀምሪ። አሸንዳውን ግን አሁን በበጋው አስገጥሚ፤ የበልግ ዝናብ ከመጣ እንዳያመልጥሽ። ከታንከሩ የሚተርፈውን ወደ ቦይሽ ምሪው።

አፕል ይሆናል። ግን አንድ ዛፍ ብቻውን አይበቃም። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ዝርያዎች አብረሽ ትከዪ፤ አንዱ ሌላውን ያዳቅላል። ብዙ ብርድ ስለማይጠይቁ ለእኛ አገር የሚሆኑ ናቸው። አበባቸው ውርጭ አይችልም፤ ከቤቱ በላይ ይሁኑ።


ባለ ካብ፦

ልጄ፣ ጎሽ። ጉልቻውን ለመቀየር ያሰብሽው ከሁሉም በላይ ደስ አሰኝቶኛል።

ትሪ ሉሰርን አሁን ማሳ ላይ አይተከልም፤ ደርቆ ይቀርብሻል። ዘሩን ፈልጊ። የወረዳው ችግኝ ጣቢያ ጠይቂ፤ ካጣሽ ከእኔ ዛፍ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጬ እሰጥሻለሁ። የዘሩ ቅርፊት ድንጋይ ነው፤ እንዲሁ ከዘራሽው ብዙው አይበቅልም። ውሃ አፍዪና ከእሳት አውርጂው፣ ዘሩን ጨምሪበት፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ይደር። ጠዋት አብጦ ያገኘሽውን ዝሪ፣ ያላበጠውን እንደገና ዘፍዝፊ። ጥር ላይ በፕላስቲክ ከረጢት ዝሪው። ማታ ማታ ከላዩ ሣር አድርጊበት። ሐምሌ ላይ መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ ከካቡ በላይ ትተክዪዋለሽ። በጎቹን ግን አርቂያቸው፤ ከስሩ ካልበረታ አንድ ቀን ውስጥ ይጨርሱታል።

ማክሰኞ እኔም እመጣለሁ። ዶማ አለኝ፤ መዶሻ ግን ተበደሪ፣ ካብ ያለ መዶሻ አይሆንም።